ለእማዬ የተላከው አረንጓዴ መጋረጃ

ጥቅምት 6

ለማከብርሽ እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም እማዬንም በጤና፣ በሰላም፣ በሳቅ ያግኝልኝ። እኔ ከጉንፋንና ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ጉንፋኑን የሰጠኝ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ውስጡ እንፋሎት፣ በሩ ላይ ብርድ። ናፍቆቱን የሰጠኝን አንቺው ታውቂዋለሽ።

እንዳልሽኝ ይኸው በደብዳቤ መጣሁ። «ስልክ ላይ እየተጯጯህን እማዬን ከምናስደነግጣት ጻፍልኝ» ብለሽኛል፤ እውነትሽን ነው። እሷም ደብዳቤ ሲነበብላት ትወዳለች። ስታነቢላት ቁጣዬን ዝለይና ፍቅሩን ብቻ አንብቢላት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእማዬን ፎቶ እፈልጋለሁ። መንገድ ላይ በስልክ የተነሳ አይደለም፤ ፎቶ ቤትሽ ውስጥ፣ በደንብ በርቶ፣ ሙሉ ቁመቷን የሚያሳይ። ለባክግራውንዱ እንዳትቸገሪ ጨርቁን ራሴ ገዝቼ በመንገደኛ ልኬልሻለሁ። አረንጓዴ ነው። ግድግዳውን ሸፍኖ ወለሉ ላይም ይተርፋል። እዚህ አገር አሁን ሰው ሁሉ የሚነሳው በዚህ ቀለም ነው። አደራሽን የአባባን ቡኒ መጋረጃ እንዳታወርጂ፤ ሰውን ከዋሻ የወጣ ያስመስለዋል።

ልጄ ድንቡሼ ደህና ናት፤ የአያቴን ጉልበት ሳሚልኝ ብላለች። የሰርጓ ነገር ገና ነው። ቀኑ ሲቆረጥ ለእማዬ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ጥቅምት 29

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን። እኛ ደህና ነን፤ እማዬ ከጉልበቷ በቀር፣ እኔ ካንተ በቀር።

ጨርቁ ደረሰ። ስዘረጋው ዓይኔን ጨፈንኩ። ይሄ ምን ዓይነት አረንጓዴ ነው? ሣር እንዳልለው ሣር አይደለም፣ ቅጠል እንዳልለው ቅጠል አይደለም። በቀቀን እንኳ አይታው ታፍራለች። ጎረቤቴ ቁልፍ ቀራጩ በበሩ አጮልቆ «ፎቶ ቤቱን ዘግተሽ ፋርማሲ ልትከፍቺ ነው እንዴ?» አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ እስኪስቅብኝ ድረስ ምን አደረግኩህ?

አባባ ባክግራውንድ ሲመርጥ አንተ ኳስ ሜዳ ስለነበርክ ልንገርህ። ሰው ሲመጣ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ቁርጥራጭ ጨርቆቹን እንደ ካርታ በአንድ እጁ ይዘረጋና ጉንጩ ሥር አንድ በአንድ ያስጠጋል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ደንበኛው «አባቴ፣ ልታሰፋልኝ ነው ወይስ ልታነሳኝ?» ይለዋል፤ አባባ ሌላ ጨርቅ ያስጠጋል። ጠይም ሰው ነጭ ፊት ከተቀመጠ ፊቱ ይጠቁራል፤ እኔም ለመታወቂያ ካልሆነ ነጭ አላወርድም። እማዬ ሽበቷ ነጭ፣ ቆዳዋ ጠይም ነው። ከኋላዋ ጠቆር ያለ ቡኒ ሲሆን ሽበቷ ይበራል። አረንጓዴ ግን መብራት ሲያርፍበት ተመልሶ ሰው ላይ ይረጫል። አገጯን፣ አንገቷን ያለብሰዋል። የታመመች ትመስላለች። ጤነኛ እናትህን በሽተኛ አስመስዬ ልላክልህ?

ደግሞ ይግባህ። ይህን ቤት የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሙሽራ ይምጣ፣ ወታደር ይምጣ፣ ከኋላው የሚወርደውን ቀለም የምመርጠው እኔ ነኝ። አንተ ስለ አንሶላ ንጣት ብታስተምረኝ እሺ ብዬ እሰማሃለሁ። የራስህን ያዝ፣ የእኔን ተውልኝ።

እማዬ ስለ ድንቡሼ ሰርግ በጠዋት ትጠይቃለች፣ በማታ ትጠይቃለች። የምትለብሰውን ለማሰፋት አስባ ቀለሙ ላይ ቆማለች። አንተ «ገና ነው» ትላለህ። ገና እስከ መቼ? ልጅቷን ጡት ከጣለችበት ቀን አንስቶ አንተ መጥተህ እስክትወስዳት ድረስ ያሳደገቻት እሷ ናት። ከወሰድካት ወዲህ ያቺን ልጅ አቅፋ አታውቅም። የጉዞ ወረቀት በአንድ ቀን እንደማያልቅ አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ፤ እንቅስቃሴህን ጀምር።

ፎቶውን በቡኒ አነሳዋለሁ።

እህትህ

ኅዳር 24

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥሽ። እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ።

ምስጋናው ቢቀር ስድቡ ምን አመጣው? ጨርቅ ገዝቼ፣ መንገደኛ ለምኜ፣ ሻንጣው ውስጥ እንዲያስገባልኝ ጫማ የማስር ያህል ጎንብሼ ለላክሁት፣ መልሱ አንሶላ ነው። እሺ፣ አንሶላ አጣቢ ነኝ። አንሶላ አጣቢ እናቱን በፈለገው ቀለም ማየት አይችልም?

አንድ ጊዜ ብቻ የምልሽን አድርጊ። አረንጓዴውን አውርጂ። ጨርቁ እንዳይጨማደድ ተኩሺው። ቀለሙ እንዳይረጭባት ከጨርቁ ፈቀቅ አድርገሽ አቁሚያት፤ ጥላዋም እንዳያርፍበት። ፊቷን ትንሽ ወደ ግራ ታዙር። ግራ ክንዷን አጠፍ ታድርግ፣ አጠገቧ የቆመ ሰው የያዘች ያህል። ፈገግ ትበል። ጥሩ ጫማ ታድርግ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ እንደዚያ አድርጌ ላያት ስለምፈልግ ነው። ለእማዬም ልጅሽ አረንጓዴ ይወዳል በያት፤ እሷ እንደ አንቺ አትከራከረኝም።

ስለ ሰርጉ የጻፍሽውን አይቻለሁ። የልጁ ቤተሰቦች የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ቀን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። እኔን አታጣድፊኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 19

ለወንድሜ፣

ሰላም ነህ? እኛ ሰላም ነን። ፎቶው ተነስቷል፤ ያውም በአረንጓዴ። አንተን ፈርቼ እንዳይመስልህ። ደብዳቤህን ሳነብላት «ልጅሽ አረንጓዴ ይወዳል» የሚለው ላይ ስደርስ እማዬ ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። «ሰማሽ? ይወዳል አለ እኮ! ያንን ጨለማ መጋረጃሽን ጠቅልይው» አለችኝ። ለአባባ መጋረጃ ይህን ያለችው ሚስቱ ናት። ምን ልበል?

ከዚያ የባሰውን ስማ። ትምህርት ቤት ሄጄ ተማሪ ሳነሳ ውዬ ስመለስ፣ ጨርቁን ልተኩስ ብዘረጋው አንድ ጎኑ የለም። በመቀስ ተቆርጧል። ደሜ ፈላ። «ማነው እዚህ ቤት የገባው?» ብዬ ስጮህ እማዬ ከጓዳ «እኔ ነኝ የገባሁት፣ ቤቴ ነው» አለችኝ። ለካ ለልብስ ሰፊዋ ወስዳዋለች። «ይህን የመሰለ ጨርቅ ግድግዳ ይልበሰው? ነውር ነው። የድንቡሼ ሰርግ ልብሴ ይኸው ተገኘ፤ ልጄ የወደደው ቀለም» አለችኝ። አንገቱ ጥብቅ፣ እጅጌው እስከ አንጓዋ፣ ታቹ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ቀሚስ አሰፍታለች። በተረፈው ሻሽ አስቆርጣለች።

ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር። መስታወት ፊት ቆማ ቀሚሱን በሁለት እጇ ይዛ ስትዞር አየኋትና ዘጋሁት። ግን ንዴቴ አልወጣልኝም። ሰውን ከኋላው ካለው ቀለም ለይቶ ማሳየት የዚህ ሥራ ሀ ሁ ነው። እሷ ጨርቁ ፊት ስትቆም የት እንዳለቀች፣ ጨርቁ የት እንደጀመረ በሌንሱ ለመለየት ተቸገርኩ። ነገርኳት። «ሌላ ልበሺ፣ ይሄን ለሰርጉ አስቀምጪው» አልኳት። «ልጄ ቀድሞ ይየው፤ አንቺ ዝም ብለሽ አንሺ» አለችኝ። አነሳሁ። ሠላሳ ዘመን ሙሽራ ሳነሳ እንደዚያ እጄ ተጠራጥሮ አያውቅም።

ግራ ክንድሽን ሰው እንደያዝሽ አድርጊ ስላት «ማንን ነው የያዝኩት?» አለችኝ። «እኔ እንጃ፣ ልጅሽን ጠይቂው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ድንቡሼን ነው» ብላ ፈገግ አለች። ፈገግ በይ አላልኳትም። ስታየው ይገባሃል።

ፎቶው ያለበትን ፍላሽ የምታውቀው መንገደኛ ይዞልሃል። አሁን መልስ ስጠኝ። ክንዷ ለምን እንደዚያ ሆነ? የሰርጉስ ቀን መቼ ነው? ልብሱ ተሰፍቶ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

እህትህ

ጥር 21

እትዬ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ሆን ብለሽ ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ሆን ብለሽ ነው! ፍላሹን ይዤ ፎቶ አቀናባሪው ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተው፤ አረንጓዴውን ሁሉ አጥፋ ብሎ አዘዘው፤ ጠፋ። ከእናቴ ምን ቀረ? ፊቷ፣ ሁለት እጆቿና ሁለት ጫማዎቿ! መሐሉ ባዶ! ጸጉሯ እንኳ በሻሹ ሄዷል። አየር ላይ ተንጠልጥላ ፈገግ ትልብኛለች። ሰውዬው ሳቁ ሲመጣበት አስሎ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ እዚያው ወንበር ላይ እንደ ሞኝ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

እድሜሽን ሙሉ ፎቶ ስታነሺ ኖረሽ አረንጓዴ ለምን እንደሆነ አታውቂም? አረንጓዴ እኮ የተነሳው ሰው ብቻውን ተለይቶ ሌላ ፎቶ ውስጥ እንዲገባ ነው! ይህን የሰፈር ቪዲዮ ቀራጭ ሁሉ ያውቃል። የእኔን ጨርቅ ቆርጣችሁ ልብስ ሰፋችሁ፤ ጨርቁን ያለበሳችኋትን ሰው ማሽን እንዴት ይለያት?

ከሙሽራዋ በቀኝ በኩል ቦታ ትተን ነበር። ድንቡሼ ራሷ «ይሄ የአያቴ ነው» ብላ ሚዜ እንኳ አላስቆመችበትም። አልበሙ እሱን ብቻ እየጠበቀ ማተሚያ ቤት ተቀምጧል። አሁን ልጄን ምን ልበላት? ንገሪኝ፣ ምን ልበላት?

ወንድምሽ

የካቲት 12

የትኛዋ ሙሽራ?

ሚያዝያ 3

እትዬ፣ ይህን ለብቻሽ አንብቢው። እማዬ እንዳትሰማው አፈር ስሆን።

መልሴ የዘገየው ጀምሬ እየቀደድኩ ነው። ያንን ደብዳቤ በንዴት ጽፌ፣ መለስ ብዬ ሳላየው አሽጌ ሰደድኩት። ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ጠብ ካለ በኋላ ነው የጻፍኩት ትዝ ያለኝ። እጄን አስገብቼ ላወጣው ሞክሬ ነበር።

ሰርጉ ባለፈው መስከረም ተደርጎ አልቋል። ይኸው አወቅሽው። የእማዬን የጉዞ ወረቀት ነገ እጀምረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እጀምረዋለሁ ስል ጊዜው አለፈ። ቢሮው ሄጄ ተራ ይዤ ስሜ ሳይጠራ ወደ ሥራ የተመለስኩበት ቀን አለ። ከዚያ በኋላ ለድንቡሼ አያትሽ ታማለች፣ መንገድ አይሆንላትም አልኳት። ልደውልላት ስትል ማውራት ያደክማታል፣ ሰላምታሽን እኔ አደርሳለሁ አልኳት። ለእናንተ ደግሞ ቀን አልተቆረጠም አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ እንዴት ልመልሰው? አንቺ እንደሆንሽ ሰው ሲሳሳት ምላስሽ ምላጭ ነው፤ ብነግርሽ ኖሮ አሁን የምትልኪልኝን ስድብ ያን ጊዜ አነበው ነበር። እንዲያውም እንዲህ እንድሆን ያደረገኝ አንቺን መፍራት ነው።

ፎቶው ሁሉንም ያስተካክልልኝ ነበር። ድንቡሼ አያቷ አጠገቧ ቆማ ታያታለች። እማዬም አንድ ቀን ቀስ ብዬ ስነግራት፣ «ይኸው ቦታሽ አልተነካም» ብዬ አሳያታለሁ። ማን ተጎዳ?

አሁንም አልመሸም። በጥቁር ልብስ ድገሚያት። ጥቁር ካልሆነ ቡኒ፣ ነጭ፣ የፈለገችውን፤ አረንጓዴ ብቻ አይሁን። አቋሟ እንደ በፊቱ ይሁን፤ ግራ ክንዷን አትርሺ። አልበሙን አንድ ወር አስታግሼዋለሁ። ለእማዬ ምክንያቱን አትንገሪያት፣ ፎቶው ተበላሸ በያት።

ታናሽሽ ነኝና እለምንሻለሁ።

ሚያዝያ 28

ለወንድሜ፣

ለብቻሽ አንብቢው ብለሃል። አልሆነልህም። ፖስታው ሲመጣ በር ላይ ተቀምጣ የነበረችው እማዬ ናት። ከመጣው ሰው እጅ ተቀብላ ጭኗ ላይ አድርጋ እኔ ከሥራ እስክገባ ጠበቀችኝ። «አንብቢ» አለችኝ። «ለብቻሽ አንብቢው» የሚለውንም ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ከጥር ወር ደብዳቤህ ልጀምርልህ። እንደ ልማዳችን ማታ ተቀምጠን እያነበብኩላት ነበር። ቁጣህን ዝለይ ብለኸኝ አልነበር? በዚያ ደብዳቤ ላይ የሚዘለል ብቻ ሆነብኝና ዝም ብዬ አነበብኩት። ፊቷ ተንጠለጠለ የሚለው ላይ እሷ ራሷ ሳቀች። «ጫማዬ ቀረ? ጎሽ፣ ጥሩ ጫማ ነው» አለች። ከዚያ «ከሙሽራዋ በቀኝ በኩል» የሚለው ላይ ደረስኩና አቆምኩ። ዓይኔ ወደታች ሮጦ ሁሉን አይቶታል። ልዋሽ ፈለግኩ፣ ሌላ ቃል ልተካ ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። «ቀጥዪ» አለችኝ። «እማዬ...» ስላት «ቀጥዪ አልኩሽ እኮ!» አለችኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «ምን ልበላት» የሚለውንም ሁለት ጊዜ እንደጻፍከው ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከዚያ «ወረቀት አምጪ» አለችኝ። «ምን ልጻፍ?» «የትኛዋ ሙሽራ? ብለሽ ጻፊ።» «ሌላስ?» «ሌላ የለኝም፤ ከራሱ አፍ እሰማዋለሁ።» ያ መስመር እጁ የእኔ ነው፣ ቃሉ የእሷ ነው። እኔ ያን ለት ስልኩን አንስቼ ጆሮህን ላደነቁርልህ ነበር። እጄን ያዘችኝ። ለድንቡሼም እንዳልደውል ከለከለችኝ። «መልሱ ይምጣ» አለች። ሁለት ወር እስኪያልፍ ድረስ የፖስታ ሰው ስትጠብቅ ከረመች። የመጣላት መልስ ምንድነው? በጥቁር ልብስ ድገሚያት!

አታፍርም? እኔ የማፍርልህ አጣሁ። ጨርቅ መረጥክ። ከሱቅ ሱቅ ዞረህ ገዛህ። መንገደኛ ለመንክ። አቀናባሪ ፈለግክ። ማተሚያ ቤት አስታገስክ። ይህን ሁሉ ለውሸቱ የደከምከውን ግማሹን ለወረቀቷ ብትደክምላት ኖሮ በሁለት እግሯ ሄዳ ድንቡሼን ታቅፋት ነበር። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አንተ ግን እንባውን ከእኛ ልትበደር ፈለግክ። ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ምላስ ሆነ! የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይሄ ነው። ፈራሁሽ ትለኛለህ? እኔን ከፈራህ እኔን ትዋሻለህ እንጂ እሷን ለምን?

አረንጓዴ ለምን እንደሆነ አታውቂም ላልከኝም መልስ አለኝ። ቪዲዮ ቀራጮች እንዲህ እንደሚያደርጉ እሰማለሁ። ግን ጨርቁን ስትልክ «እዚህ ሰው ሁሉ የሚነሳበት ቀለም ነው» አልከኝ። ወንድሜ እናቱን ከቤቷ ቆርጦ ሊያወጣት ነው ብዬ በምን ልጠርጥር? እውነቱን ብትነግረኝ ያን ቀሚስ ከላይዋ ላይ እቀድደው ነበር። ተንጠልጥላ የቀረችው በመቀሷ አይደለም፤ አንተ በደበቅከው ነው።

ያንተን መልስ አንብቤ ስጨርስላት «አሁን ለልጅቷ ደውዪልኝ» አለችኝ። ደወልኩ። ድንቡሼ ድምፄን ስትሰማ ደነገጠች፤ መርዶ መሰላት። ለእማዬ ሰጠኋት። ስልኩ ይጮሃልና ሁለቱንም እሰማለሁ። «እማማ! ተሻለሽ እንዴ?» አለች ልጅህ። «ከምኑ ልጄ?» አለች እናትህ። እማዬ «ውጪልኝ» ብላ በሩን ዘጋችብኝ፤ የተባባሉትን አላውቅም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ድገሚያት ላልከው፣ አልደግማትም።

እህትህ

ግንቦት 20

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበታችሁ።

ድንቡሼ አታናግረኝም። ቤቷ ሄጄ ባሏ ነው በር የከፈተልኝ፤ ወንበር ሰጥቶኝ ከፊቴ ቁጭ አለ፣ እሷ ከክፍሏ አልወጣችም። አልበሙን ሄዳ እንዳለ አውጥታዋለች፤ ከቀኟ ባዶ ቦታ እንዳለው ነው የታተመው። ቤቴን አፈረሳችሁት ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ጻፍኩት፣ ቀደድኩት።

እማዬ ስልክ ስደውል «አለች» ትይኛለሽ፣ አትመጣም። ምን አለች? ስለ እኔ ምን ትላለች? ስድብም ከሆነ ስድቡን እንዳለ ጻፊልኝ። አንድ ቃል ሳትቀንሺ ጻፊው። ከዚህ ዝምታ ይሻለኛል።

ወንድምሽ

ሰኔ 25

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ድንቡሼ ከነባሏ መጥታ ሄደች። ነግራህ እንደሆነ አላውቅም፤ አልነገረችህ ከሆነ ከእኔ ስማው። በር ላይ እማዬን እንዳቀፈቻት አልላቀቅ አሉ፤ ሻንጣውን ያስገባነው እኔና ባሏ ነን። ባሏ ጨዋ ልጅ ነው፤ ብቻ ሲያስነጥስ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል።

ፎቶ አነሳኋቸው። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዝ ቀለም መፈለግ እንዴት ያለ ጣጣ መሰለህ። ቡኒው ልጁን ዋጠው፤ ጥቁር ነው፣ ጥርሱ ብቻ ቀረ። ሰማያዊው እማዬን አገረጣት። ባልና ሚስቱ ጉንጫቸው ሥር ጨርቅ ሳስጠጋ እየተሳሳቁ አስቸገሩኝ፤ እማዬ «ዝም በሉ፣ ሥራ ላይ ናት» ብላ ተቆጣችልኝ። በመጨረሻ ማንም የማይጠይቀኝን ግራጫ አወረድኩና ሦስቱም በየመልካቸው ወጡ። ድንቡሼ አንዱን ቅጂ ላኪለት ስትለኝ እማዬን አየኋት። አልተቃወመችም፤ ግን ላኪለትም አላለችኝም።

ስድቡን እንዳለ ጻፊልኝ ብለሃል። ደብዳቤህን ሳነብላት እዚያ ላይ ስደርስ ቀና አለች። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ «እስኪ በይ፣ አንድ ቃል አልቀንስም» አልኳት። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ቸኩዬ ነበር፤ ከእኔ የከፋ ስድብ እንዳላት አውቃለሁ። ሆዷ የሞላ ነገር እንዳለ ከፊቷ ይታያል። ከንፈሯን አንቀሳቀሰችና ተወችው።

«ተዪው፣ አትጻፊ» አለችኝ። «በደብዳቤ የሚሰደብ ልጅ የለኝም። ይምጣና ፊቴ ተቀምጦ ይሰደብ።»

«ታርቀሽዋል ልበለው?» አልኳት።

«ማን ታረቀው? ተናድጄበታለሁ በይው» አለችኝ።

እንግዲህ ቲኬት ስትቆርጥ አሳውቀን። እኔም የማስቀምጥልህ የራሴ አለኝ፣ ግን ተራዬን ጠብቄ ነው። ትናንት ልብስ እያጣጠፈች ለብቻዋ ስትቆጣህ ሰማኋት። ጥፋትህን ከመጀመሪያው እየቆጠረች ገና ልጅነትህ ላይ ናት።

እህትህ